ከለንደን ወጣ ብለን በእግር ለመሄድ የት ይሻላል?

ከለንደን፦

ሰላም ወገኖቼ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታልናለች። እስካሁን ያየችው የእኛን ፎቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ገበያውን ብቻ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ሁለት ሌሊት ገጠር አድረን፣ በእግራችን እየተዘዋወርን አገሩን ብናይ ብዬ አሰብኩ። መኪና የለንም። ባለቤቴ ደግሞ «የሰው ማሳ ውስጥ ገብተን ውሻ ቢለቁብንስ?» ይላል። የት ትመክሩናላችሁ?

ከሸፊልድ፦

እህቴ፣ እንኳን ከእናትሽ ጋር አገናኘሽ። ከባለቤትሽ ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙዎቻችንን ቤት ያስቀረን እሱ ነውና። አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ኖሮ ከሥራ፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የማያውቅ ወገን ስንት አለ። «ገጠሩ የነሱ ነው፣ እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?» ይላል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ግን ሕዝብ እንዲተላለፍበት በሕግ የተጠበቀ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። መሬቱ የገበሬ ቢሆንም በመንገዱ መሄድ የማንም ሰው መብት ነው። ዜግነት አይጠየቅበትም፣ አይከፈልበትም፣ ማስፈቀድም የለም። ገበሬውም መንገዱን መዝጋት አይፈቀድለትም።

ምልክቱ ቀላል ነው። ምሰሶ ላይ ቢጫ ቀስት ካየሽ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፍበታል። ቀስቱ ወደ ድንጋይ ካብ ከመራሽ፣ ካቡ ላይ መወጣጫ ድንጋይ ወይም ሳንቃ ተሰክቶ ታገኛለሽ። አንዳንዴ መንገዱ በገበሬው ግቢ መሃል፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያልፋል። እኔም እንዲህ ያለ ግቢ ደርሼ እግሬ ተሳስሮ ስቆም፣ መስኮቱ ላይ ሳህን የሚያጥቡ ሴትዮ ቀና አሉና በአረፋ እጃቸው ወደሚቀጥለው በር አመለከቱኝ። ሌላ ነገር አልተባባልንም። በሩን ክፍት ካገኛችሁት ክፍት፣ ዝግ ካገኛችሁት ዝግ አድርጋችሁ እለፉ። በማሳ ውስጥ ከመንገዱ አትውጡ። በዚህ ቅር የሚሰኝ ገበሬ የለም።

መብቱም እንዲሁ አልተገኘም። ኪንደር ስካውት የሚባለው ከፍተኛ ቦታ በፊት ለመኳንንት የወፍ አደን ተከልሎ በዘበኛ ይጠበቅ ነበር። የማንችስተርና የሸፊልድ ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ የፋብሪካ ጭስ ሲምግ ሰንብቶ፣ እሑድ እንኳ ንጹሕ አየር ፍለጋ ወደዚያ መውጣት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት የመራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክልከላውን ጥሰው ወጡ። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። የብሔራዊ ፓርክ ሕግ የወጣው በ1949 ነው፤ ኪንደር ስካውት ያለበት ፒክ ዲስትሪክትም በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ተራራውና ዛፍ አልባው ደጋ ላይ ከመንገድ ወጥቶም መሄድን ፈቀደ። በ2002፣ ሰባኛው ዓመት ሲከበር፣ የዴቮንሻየሩ መስፍን በአያታቸው ዘመን ስለተፈጸመው ነገር በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ለልጆችሽ እዚያው ሆነሽ ንገሪያቸው። ሠርቶ አደር ታስሮበት ያስከፈተው መንገድ ነው፤ እኛም ሠርቶ አደሮች ነን፣ አንገታችንን ደፍተን የምንሄድበት ምክንያት የለም።

የምመክርሽ ቦታ ካስልተን ነው፣ እዚያው ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ሸፊልድ በባቡር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከሸፊልድ 272 ቁጥር አውቶቡስ መንደሩ ድረስ ያደርሳችኋል። የቤተሰብ የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጪ፤ ለአዋቂ ሲሶ፣ ለልጅ 60 በመቶ ይቀንሳል፣ ካርዱ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ለማደሪያ ሆቴል ውስጥ ገንዘብሽን አትጨርሺ። የወጣቶች ማረፊያ የሚባሉት ዕድሜ አይጠይቁም፣ የቤተሰብ ክፍል አላቸው፣ ብዙዎቹም የጋራ ማብሰያ ስላላቸው ለጾም ቀን ችግር የለም። ካስልተን አጠገብ ሎዝሂል ሆል የሚባለው አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሚሞላ አሁኑኑ ያዢ።

ለእናትሽ ከካስልተን ወደ ሆፕ መንደር በወንዙ ዳር የሚወስደው መንገድ ይስማማቸዋል። ሜዳ ነው፣ በጉ በሁለቱም ወገን ይግጣል፣ ሲደክማቸው ከሆፕ በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ድሮ ገመድ ሠሪዎች አፉ ላይ ይሠሩበት የነበረው ፒክ ካቨርን የሚባለው ዋሻም እዚያው መንደሩ ውስጥ ነው። አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ በሆሊንስ ክሮስ በኩል ሸንተረሩ ላይ ውጡና ወደ ማም ቶር ሂዱ። ጫፉ 517 ሜትር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላደገ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። በሐምሌም ቢሆን ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት ያዙ። ጂንስ አትልበሱ፣ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። በሶ በጥብጣችሁ በጠርሙስ ያዙ፣ ዳቦ ቆሎም ኪሳችሁ አይጣ፤ ሱቅ የሚሸጠው ጣፋጭ ሁሉ አይተካከለውም።

ኪንደር ስካውትን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩት። አናቱ ረግረግ ሜዳ ነው፣ ጉም ሲወርድ አቅጣጫ ያሳጣል።

ከሊድስ፦

ወንድማችን ጥሩ አድርገህ ዘርዝረኸዋል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጥጃ ያላቸው ላሞች። እኛ ከብት እናውቃለን ብለን ዘው ብለን መሃላቸው እንገባለን፤ የዚህ አገር ላሞች ግን እረኛ አጠገባቸው አይውልም፣ ሰው ሲቀርባቸው ለጥጃቸው ይደነግጣሉ። በላምና በጥጃዋ መሃል አትለፉ፣ ማሳው ሰፊ ከሆነ ዞር ብላችሁ ሂዱ። ልጆቹ እንዳይሮጡ እጃቸውን ያዙ።

ሁለተኛ፣ ስልክ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። የወረቀት ካርታ ያዙ፤ የኦርድናንስ ሰርቬይ ኦኤል 1 የሚባለው ያን አካባቢ ይዟል፣ የእግር መንገዱ በአረንጓዴ ነጠብጣብ መስመር ተሰምሮበታል። አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድን በሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አያስከፍሉም። ዕዳ ይመጣብናል ብላችሁ እንዳትዘገዩ።

ከሸፊልድ፣ ሌላ አባል፦

ይቅርታ፣ እኔ ገና የጥገኝነት ውሳኔ እየጠበቅኩ ያለሁ ሰው ነኝ። ሥራ አልተፈቀደልኝም፣ ቀኑ አልመሽ ይለኛል። እኔም መሄድ እችላለሁ?

ከሸፊልድ፦

ወንድሜ፣ በደንብ! መንገዱ ላይ ማንም ወረቀት አይጠይቅህም። የፊርማ ቀንህን ብቻ እንዳያልፍህ፣ መታወቂያ ካርድህንም ያዝ። ሌሊት ውጭ ማደር ካሰብክ አስቀድመህ የምትኖርበትን ማደሪያ ኃላፊዎች አነጋግር፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ግን ችግር የለውም። ከከተማችን መሬት ሲሶው ፓርኩ ውስጥ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። በ272 ፎክስ ሃውስ ወርደህ በሎንግሾ በኩል የፓድሊን ሸለቆ ተከትለህ ውረድ። ውሃው በትልልቅ ድንጋይ መሃል ይወርዳል፣ ዛፎቹ በሽበት የተሸፈኑ ያህል ናቸው፤ ጭንቀት ለያዘው ሰው እንደዚያ ያለ ቦታ አላየሁም። መጨረሻው ግሪንድልፎርድ ባቡር ጣቢያ ነው።

ቅዳሜ እኛ ጥቂት ሆነን እንሄዳለን፣ አብረኸን ና። የአውቶቡሱን እኔ እችላለሁ። የጫማ ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ቤት የተቀመጠ ደህና ቦት ጫማ አለ፣ ካልሆነህ ከጓደኞቼ እጠይቅልሃለሁ።