ጋርቪ አጭበርባሪ ነበር ወይስ የተጠመደበት ሰው?

ወለላ፦ እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ ባይደን ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ለጃማይካዊው የጥቁሮች ማኅበር መሪ ለማርከስ ጋርቪ ከሞተ ከ84 ዓመት በኋላ ምሕረት ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ «ጋርቪ ነጻ ወጣ» የሚል ጽሑፍ በየቦታው አያለሁ። ሰውየው በ1923 ኒውዮርክ ላይ የተፈረደበት በፖስታ አገልግሎት ተጠቅሞ የመርከብ ድርጅቱን የብላክ ስታር ላይንን አክሲዮን ገዢዎች አጭበርብሯል ተብሎ ነው። በእርግጥ አጭበርብሯል? ጉዳዩን የምታውቁ ግቡበት፤ ስድብ ግን አይፈቀድም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።)

ዳዊት፦ መጀመሪያ ቃሉ ይጥራ። ምሕረት ፍርድ አይሽርም። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ዛሬም «ጥፋተኛ» ነው የሚለው። ፕሬዚዳንት ይቅር ማለት ይችላል፤ ውሳኔ መሻር የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ይግባኙ ደግሞ ያኔውኑ ውድቅ ሆኗል። ፕሬዚዳንት ኩሊጅም በ1927 ከአትላንታ እስር ቤት ያስወጣው ቅጣቱን አሳጥሮለት ነው፤ ወዲያው ከኒው ኦርሊንስ በመርከብ ወደ ጃማይካ አባረሩት።

ሰሎሞን፦ ስለ መርከቦቹ ሳይወራ ስለ ፍርዱ ማውራት ከንቱ ነው። ብላክ ስታር ላይን በ1919 ሲቋቋም አንዱ አክሲዮን 5 ዶላር ነበር፤ አንድ ሰው ከ200 በላይ መግዛት አይችልም። ልብስ አጣቢዋ፣ አሳንሰር ነጂው፣ የፓናማ ቦይ ሠራተኛው ነው የገዛው። በዚያ ገንዘብ ምን ተገዛ? ያርማውዝ፦ በ1887 የተሠራች የከሰል መርከብ፣ ከጋርቪ ጋር እኩያ! 165 ሺህ ዶላር ተከፈለባት። በላይዋ በመኮንንነት የሠራው ሂው ሙልዛክ ከ25 ሺህ በላይ አታወጣም ነበር ብሏል። ካፒቴኑ ኮክበርን ከሻጩ በስውር ኮሚሽን መቀበሉ በችሎት ወጥቷል። ያው ካፒቴን ደግሞ «ግዙ» ብሎ የመከረው ነው! በመጨረሻ በሐራጅ የተሸጠችው 1,625 ዶላር ነው።

ሻዲሳይድ የሐድሰን ወንዝ የበጋ መዝናኛ ጀልባ ነበረች፣ 35 ሺህ ዶላር፤ በክረምቱ በረዶ ተጎድታ ሰጠመች። ሦስተኛዋ ካናዋ የአንድ የነዳጅ ከበርቴ የግል መዝናኛ መርከብ የነበረች፣ በ60 ሺህ የተገዛች፣ ቦይለሯ በየጉዞው እየተበላሸ ኩባ ላይ ተጥላ የቀረች ናት።

አዜብ፦ ሰሎሜ፣ የዘረዘርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የዘረዘርከው ኪሳራን ነው። መክሰርና ማጭበርበር አንድ አይደሉም። ሕጉ የሚጠይቀው ሆን ብሎ ማታለልን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመርከብ ዋጋ ሰማይ በነካበት ሰዓት ገዙ፤ ከ1920 በኋላ የጭነት ዋጋ ሲወድቅ በብዙ ብር የከሰሩ ነጭ ድርጅቶችም ነበሩ። እነሱን ማን ከሰሳቸው?

ሰሎሞን፦ ኪሳራ ብቻ ቢሆን እቀበልሽ ነበር። ያርማውዝ በጃንዋሪ 1920 የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ሕግ ከመጽናቱ በፊት ውስኪ ጭና ወደ ሃቫና ወጣች። ባሕር ላይ አዘነበለች፤ ጭነቱ ከፊሉ ተወርውሮ፣ ከፊሉ ተጠጥቶ ተመለሰች። በኋላ ኮኮናት ጭና ስትመጣ ጋርቪ ለፕሮፓጋንዳ በየወደቡ እንድትቆም አዘዘና ኮኮናቱ በሰበሰ። ይህን አላዋቂነት እንበለው። ዋናው ግን የብሮሹሩ ሥዕል ነው፦ ገና ያልተገዛችውን ኦራዮን የተባለች መርከብ ፎቶ ላይ «ፊሊስ ዊትሊ» የሚል ስም ጽፈውበት አክሲዮን ሸጡበት። መርከቧ የመንግሥት ነበረች፤ በእጃቸው ገብታ አታውቅም። ይህስ ኪሳራ ነው?

አዜብ፦ ሥዕሉ ነውር ነው፤ አልከራከርም። ግዢው በድርድር ላይ እንደነበር ግን አትዝለለው። አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ። በዚህ ክስ እያንዳንዱ የተላከ ደብዳቤ ራሱን የቻለ አንድ ክስ ነው። ጋርቪ ጥፋተኛ የተባለው በአንዱ ብቻ ነው፦ ቤኒ ዳንሲ ለተባለ ሰው በተላከው። ዳንሲ ችሎት ቀርቦ ፖስታው የሱ መሆኑን አወቀ፤ ውስጡ ምን እንደነበረ ግን ማስታወስ አልቻለም። ለፍርድ ቤቱ የቀረበው ባዶ ፖስታ ነው። አብረውት ከተከሰሱት ሦስቱም በነጻ ተለቀቁ። እሱ 5 ዓመትና የ1,000 ዶላር መቀጮ!

ዳዊት፦ የዚህ ጥፋቱ በከፊል የራሱ ነው። ጠበቃውን አሰናብቶ ራሱ ተከራከረ፤ በመስቀለኛ ጥያቄው ዓቃቤ ሕጉ ያልጠየቀውን ሳይቀር እያስወጣ ራሱን ጎዳ። በሌላ በኩል በኋላ የኤፍ.ቢ.አይ. ኃላፊ የሆነው ሁቨር ገና በ1919 ጋርቪን የሚያስባርር ሕግ አለመጣሱን በቁጭት ጽፏል። መጀመሪያ ሰውየውን መረጡ፣ ከዚያ ወንጀል ፈለጉለት። በ1922 ከነጭ ዘረኞቹ ድርጅት ከኩ ክለክስ ክላን መሪ ጋር አትላንታ ላይ ተቀምጦ መነጋገሩም የጥቁር መሪዎቹን ወዳጅነት አሳጣው፤ በዓመቱ ስምንቱ ተሰብስበው ክሱ እንዲፋጠን ለዋናው ዓቃቤ ሕግ ደብዳቤ ጻፉ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆቼ፣ እኛን የሚመለከተውን ማንም አላነሳውም። የጋርቪ ማኅበር መዝሙር «ኢትዮጵያ፣ የአባቶቻችን ምድር» ብሎ ነው የሚጀምር። ያቀናበረው አርኖልድ ፎርድ በ1930 አዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ አረፈ፤ ባለቤቱ ሚኞን ናት ከጣሊያን መውጣት በኋላ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት የሆነውን የመሠረተችው። ይሄው ጋርቪ ግን በ1936 እና በ1937 ለንደን ተቀምጦ ጃንሆይን «ሕዝቡን ጥሎ ሸሸ» እያለ በመጽሔቱ ወረደባቸው። ማይጨው ላይ ራሳቸው የተዋጉትን!

አዜብ፦ ጋሼ፣ ነቀፋው ስለ መሸሽ ብቻ አልነበረም። አገሩን አላዘመኑም፣ ባርነት አላጠፉም፣ በጥቁር ወገን ፈንታ በነጭ መንግሥታት ተማመኑ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጥ እውነት የለም?

ጋሽ ታደሰ፦ አለ። ግን መሣሪያ የሚሸጥልን ጠፍቶ ወደቡ በሰው እጅ በነበረበት ጊዜ «ለምን አልተዘጋጀህም» ማለት ቀላል ነው። «በጥቁር ወገን አልተማመኑም» የሚለው ደግሞ ሐሰት ነው፤ ዶክተር መላኩ በያንን የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ድረስ የላኩት እሳቸው ናቸው። በ1937 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን ከዚያ ወጣ፤ የሻሸመኔው አምስት ጋሻ መሬትም የተሰጠው በፌዴሬሽኑ በኩል ነው። ለጋርቪ ማኅበር አይደለም፤ ብዙ ሰው ያደባልቀዋል።

ሰሎሞን፦ ራስተፈሪያኖቹ ነቢያችን ይሉታል፤ እሱ ንጉሣቸውን ይሰድባል። ይህን የሚያስታርቅ ሰው አላየሁም።

አዜብ፦ አንተ ደግሞ ስለ ባዶው ፖስታ እስካሁን አልመለስክልኝም።