የሣር አረም ማጥፊያ ሙከራዬ ውጤቱ ተምታታብኝ

ሰላም ወገኖች። ስለ ሣር ወይም ስለ አረም መድኃኒት የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ያለሁት ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የግቢዬ ሣር ቶል ፌስኪው የሚባለው ዓይነት ሲሆን ዳንደላየን የሚባል ቢጫ አበባ ያለው አረምና ነጭ አበባ ያለው ማገጥ ወሮታል።

ሱቅ ያለው መድኃኒት ሁሉ "ሰፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል፣ ሣሩን አይነካም" ይላል። የቱ እንደሚሻል ራሴ ልየው ብዬ አንዱን ጥግ በገመድ ከፋፈልኩት። አንደኛው መደብ ላይ ቱ ፎር ዲ ብቻ ረጨሁ፤ አገር ቤት ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጩት ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ቱ ፎር ዲ ሜኮፕሮፕና ዳይካምባ ከሚባሉ ሌሎች አረም ማጥፊያዎች ጋር የተቀላቀለበትን። ሦስተኛውን ለማነጻጸሪያ ተውኩት።

ቱ ፎር ዲ ዳንደላየኑን አጠማዞ አደረቀው። ማገጡ ግን ትንሽ ጠውልጎ አገገመ። ቅልቅሉ ሁለቱንም ገደለ። እስከዚህ ግልጽ ነው።

ግራ የገባኝ ሦስተኛው መደብ ነው። ጠብታ ያልነካው ማገጥ ቅጠሉ ተጨማዷል! አጠገቡ ያለው ቲማቲሜም እንደዚያው። የረጨሁት በማለዳ፣ ነፋስ በሌለበት ነበር። ከሰዓት ግን ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ፋራናይት አለፈ።

ዳይካምባው ተንኖ ይሆን? ወይስ በአፈሩ ውስጥ ተጉዞ በሥር ገባ? በሁለቱም መንገድ ማነጻጸሪያዬ ዋጋ የለውም። ኦክቶበር ላይ ቀዝቀዝ ሲል ልድገመው አስቤያለሁ። በመደቦቹ መሃል ምን ያህል ቦታ ልተው? ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ የሣር ዘር ልዘራ ነው፤ ቡቃያው ስንቴ ከታጨደ በኋላ ነው መርጨት የሚቻለው? ቲማቲሙንስ ልንቀለው ወይስ ይበላል?