«ሚሞሪ ሞላብኝ» ስንል የሞላው የቱ ነው?

ሰሞኑን ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ ላስጠግን አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ከፊቴ የቆመች ተማሪ «ሚሞሪው ሞልቶ ስታክ ያደርጋል» አለች። ጠጋኙ ልጅ ካቻቢቴውን እንደያዘ «የትኛው ሚሞሪ?» አላት። መልስ አልነበራትም። እኔም ብሆን አልነበረኝም፤ ቃላት እወዳለሁ እያልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሚሞሪ» ሁለት ዕቃ ተሸክሟል። ሻጩ «8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ» ሲልህ ሁለቱም በጊጋባይት ስለሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ዲስኩ፣ ማለትም ኤስኤስዲው፣ ጎተራ ነው፤ ፎቶው፣ ፊልሙ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያ ተከቷል። ራም ሰፌድ ነው፤ አሁን የምታበጥረውን ብቻ ከጎተራው ዘግነህ የምታወጣበት። ሰፌዱ ጠቦ ብዙ ነገር ከከፈትክበት ማሽኑ የተረፈውን ወደ ጎተራ ይመልሳል፣ ደግሞ ያወጣል፣ ደግሞ ይመልሳል። ያኔ ነው የሚንቀራፈፈው።

«ማኅደረ ትውስታ» የሚለውን የሚሞሪ ትርጉም ታውቁታላችሁ። ያምራል። ግን ማኅደር ከግእዙ «ኀደረ» የመጣ ነው፤ አደረ ማለት። ማደሪያ እንደማለት። የዳዊት ማኅደር የምንለው ቆዳም ዳዊቱ የሚያድርበት ነው። ራም ላይ ግን ምንም አያድርም። መብራት ሄዶ ባትሪውም ከደከመ፣ ሴቭ ያላደረግከው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በቃሉ ከሄድን ማኅደር መባል የሚገባው ዲስኩ ነበር። አሁን ለሰው ሳስረዳ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ያድራል ወይስ አያድርም?

የአንድ አንባቢ መልስ፦ «ወንድሜ፣ እኔ ማታ ክዳኑን ዘግቼ እተኛለሁ። ጠዋት ስከፍተው የጀመርኩት ጽሑፍ እንዳለ ነው። አደረ እኮ!»

እዚህ ላይ ይዘኸኛል። ግን ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ አሸለበ እንጂ አልጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ለራሙ ጥቂት ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያጎርሰው ያድራል። አድሮ የሚጠብቅህ ባትሪው ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሁሉንም ዲስክ ላይ ገልብጦ ይጠፋል፤ ያኔ ያደረው በጎተራው ነው።

የሌላ አንባቢ መልስ፦ «ፍላሽስ? እንግሊዝኛውም ሚሞሪ ነው የሚለው።»

ልክ ነሽ፣ ሙሉ ስሙ ፍላሽ ሚሞሪ ነው። በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ቶሺባ ውስጥ የፈለሰፈው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። ስሙ የካሜራ ብልጭታን በማሰብ የወጣ ነው፤ ብዙ መረጃ በአንድ አፍታ ስለሚደመሰስበት። ኤስኤስዲም ውስጡ ሲታይ ያው ፍላሽ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ አልተሳሳተችም፤ የተምታታው ቃሉ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን ጨመርንበት። ፈረንጅ በፍላሽ ስም የሚጠራውን የእጅ መብራት «ባትሪ» አልነው፤ ውስጡ የሚገባውን ባትሪ ደግሞ «ባትሪ ድንጋይ»። አንድ ቀን አያቴን «የላፕቶፔ ባትሪ ሞተ» ብላት «ድንጋይ ግዛለታ!» አለችኝ። ምን ስህተት አለው?

ማዘርቦርድን፣ የላፕቶፑን ዋና የውስጥ ሰሌዳ፣ «እናት ሰሌዳ» ብለው የሚጽፉ አሉ። አልጣመኝም። አማርኛ ዋናውን ነገር «አውራ» ማለት ይወዳል፤ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና። «አውራ ሰሌዳ» ብንለው? በሌላ በኩል ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አቅፎ የያዘ ነገር እናት ቢባል አይበዛበትም። ገና አልወሰንኩም።

የተማሪዋ ላፕቶፕ ሲከፈት ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነበር። 8 ለመግዛት እየሮጠች ልትወጣ ስትል ልጁ አስቆማት። የዴስክቶፕ ራም ረጅም ነው፣ የላፕቶፕ አጭር። ዲዲአር 3 በሚባለው የራም ትውልድ ቦታ ላይ ዲዲአር 4 አይገባም፤ በጥርሶቹ መሃል ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ይለያል። የድሮውን ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

«ይቺን አሳይተሽ ግዢ። ሚሞሪ ስጡኝ ብቻ እንዳትይ።»