ትኬቴ ሐሙስ ነው፣ ፈተናው ተራዘመ፣ ግሪን ካርዴ አንድ ዓመት ሊያልፈው ነው፤ እርዱኝ

የቧንቧ ውሃዋ (ሰኞ ማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እስከ ነገ ማታ መወሰን አለብኝ። ደሴ ሕክምና እየተማርኩ ነው፣ ኳሊፊኬሽን (ከኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ ከሚሠራበት የልምምድ ዓመት በፊት የሚወሰደው ፈተና) ላይ ደርሻለሁ። ነገ ተፈትኜ ሐሙስ ከቦሌ ልበር ትኬት ቆርጫለሁ። ዛሬ ከሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ፈተናው በሦስት ሳምንት ተራዝሟል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ማህተም አለው፣ ምክንያት የለውም። ፈተናውን ከጠበቅኩ ከአሜሪካ ከወጣሁ አንድ ዓመት ያልፈኛል። ካርዱ ይቃጠላል? ወይስ አዲስ አበባ ኤምባሲ ሄጄ ማራዘሚያ ማውጣት ይቻላል? ትኬቱን እስከ ነገ ማታ ካልቀየርኩ ብሩ ይበላል። አባቴ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም።

ሰኞ ገበያ
አብሽሪ እህቴ። ሪኢንትሪ ፐርሚት (ውጭ ቆይቶ ወደ አሜሪካ መመለሻ ፈቃድ) አውጪ፣ ሁለት ዓመት ይሰጥሻል። አለቀ።

አባ ሐረጎ
ልጄ፣ መጀመሪያ ልብሽን ጠይቂው። ደሴ ላይ የሐኪም እጥረት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሽማግሌዎቹ እናውቃለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ምጥ የያዛትን ሴት ከወረዳ በቃሬዛ አምጥተን፣ ኮሪደር ላይ ተራ ጠብቀን፣ ጎህ ሲቀድ ሐኪም ያየናት ሰዎች ነን። ያስተማረሽ አገር ነው። ግሪን ካርድ ደግሞ እዚያ ለሚኖር ሰው የተሰጠ መኖሪያ ነው፣ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ወርቅ አይደለም። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ አድርጎ መኖር ሰውን ያደክመዋል። እዚያ ልኖር ነው ካልሽ ሂጂ ኑሪ፤ እዚህ ነኝ ካልሽም ወረቀቱ አያስጨንቅሽ።

ጦሳ ሥር
ፈታኞቹን ይዘሻቸው ሂጂ፣ እምቢ የሚል አይኖርም።
አባ ሐረጎ፣ አንቱ ያሉት ይገባኛል፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ሐሙስ ነው።

ዳላስ ያለ የወሎ ልጅ
በጭፍኑ አንመልስላት፣ ያልነገረችን ነገር አለ። እህቴ፣ ከአሜሪካ የወጣሽበት ቀን በትክክል መቼ ነው? ካርዱ የአሥር ዓመት ነው የሁለት? በመሃል ገብተሻል? እዚያ ማን አለሽ? ከመውጣትሽ በፊት አይ-131 አስገብተሻል?

ሰኞ ገበያ
እኔም እያልኩ ያለሁት እኮ እሱን ነው። አይ-131 ማለት የሪኢንትሪ ፐርሚት ፎርም ነው። ታውጣው።

ዳላስ ያለ የወሎ ልጅ
ወንድሜ፣ ፎርሙ የሚገባው አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ እያለ ብቻ ነው። ደሴ ሆና ብትልከው ውድቅ ይደረጋል። ኤምባሲም ማመልከቻውን አይቀበልም። ኤምባሲው ሊያደርግ የሚችለው የጸደቀውን ፐርሚት ማስረከብ ነው፣ ያውም ስታመለክት «አዲስ አበባ ይላክልኝ» ብላ ከሞላች። ስለዚህ ዛሬ ማታ «ፐርሚት አውጪ» ማለት ምንም አይረዳትም።

የቧንቧ ውሃዋ
የወጣሁት አምና ጥቅምት 2 ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 12። በአባቴ ዲቪ ነው የሄድነው፣ ካርዱ የአሥር ዓመት ነው። አባቴ፣ እናቴና ወንድሜ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ናቸው። እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ብዬ ተመለስኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። 131 አላስገባሁም፣ ሁሉም ሰው «በዓመት አንዴ ረግጠሽ ከተመለስሽ ይበቃል» ነው ያለኝ።

አቶ ጨዋታ
የሚያራዝም ጉዳይ አስፈጻሚ አውቃለሁ፣ ከኤምባሲ ያስወጣልሻል። ፒያሳ ነው ያለው። ላገናኝሽ?

ጦሳ ሥር
አታገናኛት። ኤምባሲው የማይሰጠውን ወረቀት ከኤምባሲ የሚያስወጣ ሰው ምን እንደሚያስወጣ አላህ ይወቀው።

የአሌክሳንድሪያዋ ነርስ
እህቴ፣ ይሄ «በዓመት አንዴ መርገጥ» የሚባለው ነገር ብዙ ልጆችን ስላስለቀሰ ዘርዘር ላድርገው። ሁለት ነገር ተደባልቋል።

አንደኛው ካርዱ እንደ መግቢያ ወረቀት ነው። ከአንድ ዓመት በታች ከቆየሽ ካርዱን አሳይተሽ ትሳፈሪያለሽ። አንድ ዓመት ከሞላ ግን ካርዱ ላይ የታተመው ቀን ገና ቢሆንም ብቻውን መግቢያ አይሆንም፣ አየር መንገዱም ቦሌ ላይ ላያሳፍርሽ ይችላል። ላንቺ ይሄ መስመር ኦክቶበር 12 ነው።

ሁለተኛው መኖሪያሽ ራሱ ነው። እሱ በቀን ቆጠራ ብቻ አይወሰንም። ለምን ወጣሽ፣ የወጣሽበት ጉዳይ የሚያልቅበት ጊዜ ይታወቃል ወይ፣ ቤትሽና ቤተሰብሽ የት ናቸው የሚለው ሁሉ ይታያል። በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት እየገባ የሚወጣ ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው እንኳ «አንተ እዚህ አትኖርም» ሊባል ይችላል። ትምህርት ግን ጥሩ ምክንያት ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። አባ ሐረጎ «እዚያ ለሚኖር ሰው ነው» ያሉት በዚህ በኩል ልክ ነው፤ የሚጠይቁሽም ያንኑ ነው።

አሁን ስሚኝ። ሐሙስ ያለውን ትኬት አትቀይሪ። የተራዘመው ፈተና ሦስት ሳምንት ባዶ ጊዜ ሰጥቶሻል። ሐሙስ ውጪ፣ ቤተሰብሽ ጋ ግቢ፣ በማግሥቱ አይ-131 አስገቢ፣ ለፈተናው ተመለሺ። ፈተናው ባይራዘም ኖሮ ኢንተርንሺፕ ከመጀመሩ በፊት ይሄን ጊዜ የት ታገኚው ነበር? ኢንተርንሺፕ ላይ ማን ፈቃድ ይሰጥሻል?

ሰኞ ገበያ
በቃ፣ ሪኢንትሪ ፐርሚት ብያለሁ እኮ።

የቧንቧ ውሃዋ
እኔ ይሄን አላሰብኩም ነበር። ግን የመመለሻ ትኬት ገንዘብ የለኝም፣ የአንድ መንገድ ነው የቆረጥኩት። ደግሞ አሻራ የሚባል ነገር አለ አይደል? በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠሩኛል?

የአሌክሳንድሪያዋ ነርስ
አሻራ አለ። ቀጠሮው በፖስታ ነው የሚመጣው፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አንዳንዴ የድሮውን አሻራ ይጠቀሙበታል፣ ግን በዚያ አትተማመኚ። ማመልከቻውን ካስገባሽ በኋላ ከአገር መውጣት አይከለከልም፣ የሚመከረው ግን አሻራ ሰጥቶ መውጣት ነው። ሳትሰጪ ከወጣሽ ወንድምሽ የፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ይይ፣ ቀጠሮው ሲመጣ ይንገርሽና ቀኑን ለማስቀየር ቶሎ ጠይቂ። ቀጠሮውን ዝም ብለሽ ካሳለፍሽው ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

ፐርሚቱ ሲወጣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ አይታደስም፣ ሲያልቅ ገብቶ አዲስ ማመልከት ነው። ካርድ ካገኘሽ ወዲህ ካለፉት አምስት ዓመታት ከአራቱ በላይ ውጭ ከሆንሽ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚሰጡሽ። ስለ ገንዘቡ ቤተሰብሽን አማክሪ። እኔ ብሆን ካርዱን ከማጣ ለትኬት እበደራለሁ።

ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ
ሁላችሁም ለምን ታስጨንቋታላችሁ? አንድ ዓመት ቢያልፍም መፍትሔ አለው። ኤስቢ-1 ይባላል፣ ለተመላሽ ነዋሪ የሚሰጥ ቪዛ ነው። እናቴ አውጥታበታለች። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ እዚህ ነበረች። ከተማው እስኪለቀቅ መንገዱ ተዘግቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ በኋላም ታማ ሳትሄድ አንድ ዓመቷ አለፈ። ዲኤስ-117 የሚባል ፎርም ሞላን፣ 180 ዶላር ተከፈለ፣ አዲስ አበባ ቀርባ ተጠየቀች። የሐኪም ወረቀቷን፣ ልትሄድበት የነበረውን ትኬት፣ ከወንድሜ ጋር የምትኖርበትን ቤት ውል አቀረበች። ከጸደቀም በኋላ እንደ አዲስ የስደተኛ ቪዛ ሰው ሜዲካል አለ፣ ሌላ ክፍያ አለ። ረጅም ነው ግን ሆነላት። ስለዚህ ተረጋግተሽ ተፈተኚ።

ዳላስ ያለ የወሎ ልጅ
እናትህ እንኳን ተሳካላቸው። የዚች ልጅ ጉዳይ ግን እንደሳቸው አይደለም። ኤስቢ-1 የሚጠይቀው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መቅረትን ነው። እናትህን ጦርነትና ሕመም ያዛቸው። እሷ ግን ሐሙስ ትኬት በእጇ አለ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ አውሮፕላኑ አለ። ቆንስሉ «ለምን አልበረርሽም?» ሲላት «ፈተና ነበረኝ» ትላለች። «ሄደሽ ለፈተናው መመለስ አትችይም ነበር?» ቢላትስ? ኤስቢ-1 ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ የሚኬድበት ነው፣ በር ክፍት እያለ የሚመረጥ አይደለም።

ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ
እሺ፣ ይሄ አሳማኝ ነው። ግን የለም እንዳትሏት፣ አለ።

የመርሳው
የማትሄድበትን ምክንያት ለምን ከትምህርት ቤቱ ጋር አትጨርሰውም? የትኬቱን ኮፒና የካርዱን ኮፒ አያይዛ ለዲኑ ማመልከቻ ትጻፍ። ብቻዋን እንዲፈትኗት አይደለም፤ ፈተናው ከዚህ በኋላ ቢገፋ ወይ ወደዚህ ቢመጣ ቀድመው እንዲያሳውቋት። ስትመለስ ፈተናው ትናንት አልቋል ከሚሏት ይሻላል። ደግሞ ተማሪ መሆኗን፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆነችና መቼ እንደምትጨርስ የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ታጽፍ። ሬጅስትራር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሰች ሰልፉ አይበዛም።

የአሌክሳንድሪያዋ ነርስ
የመርሳው፣ ተባረክ። ያ ደብዳቤ በጣም ያስፈልጋታል። ከስድስት ወር በላይ ስለቆየች ዱለስ አየር ማረፊያ ላይ መጠየቋ አይቀርም። በእጅ ሻንጣ ይዘሽ ግቢ፤ ሻንጣ ሆድ ውስጥ እንዳትከቺው። ደብዳቤው፣ የፈተናው ማስታወቂያ ፎቶ፣ ያለሽ የባንክ ሒሳብ፣ የቨርጂኒያ መታወቂያ ካለሽ እሱ፣ የቤተሰብሽ አድራሻ። ግብር ያስገባሽበት ዓመት ካለ ኮፒው። ግብር ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፤ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በሚሞላው ፎርም እንዳትሞዪ፣ «አልኖርም» ብለሽ በጽሑፍ እንደተናገርሽ ይቆጠርብሻል።

ለመኮንኑ እውነቱን በአጭሩ ንገሪው። ተማሪ ነኝ፣ በዚህ ጊዜ እጨርሳለሁ፣ ቤተሰቤ እዚህ ነው፣ ፐርሚት ላመለክት ነው። ወደ ጎን ወስደው አይ-407 የሚባል ወረቀት ፈርሚ ቢሉሽ እሱ መኖሪያሽን በፈቃድሽ መመለሻ ነው። የመፈረም ግዴታ የለብሽም። አልፈርምም፣ ዳኛ ፊት ልቅረብ ማለት መብትሽ ነው፤ እዚያም ካርዱን ትተሽዋል ብሎ ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ደክሞሽ፣ ተርቦሽ፣ ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ወርደሽ ስለሆነ የሚሰጡሽ፣ አሁኑኑ በልብሽ ያዢው።

አባ ሐረጎ
ይሄን ሁሉ ወረቀት ካነበብኩ በኋላ አንድ ልጠይቅ። ሁለት ዓመት ፐርሚት ስታወጣ ዜግነቱስ ይቆጠርላታል?

ዳላስ ያለ የወሎ ልጅ
አይ አባ፣ ጥሩ ጠየቁ። ፐርሚቱ መግቢያዋን ነው የሚጠብቅላት። ለዜግነት አምስት ዓመት ተከታታይ መኖር፣ ከዚያ ውስጥ 30 ወር በአካል እዚያ መገኘት ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በላይ መቅረት ቆጠራውን ያጠራጥራል፣ አንድ ዓመት መቅረት ያቋርጠዋል፣ ፐርሚት ቢኖርም። ለመንግሥት ሥራና ለመሳሰሉት ቆጠራውን የሚያስጠብቅ ሌላ ፎርም አለ፣ ለተማሪ ግን አይሆንም። ስለዚህ ዜግነቱ ይዘገይባታል፣ ካርዷ ግን ይኖራል። እርሷም ዶክተር ትሆንልዎታለች።

አባ ሐረጎ
እንዲያ ከሆነ ትሂድና ትመለስ። ዱዓ እናደርግላታለን።

ጦሳ ሥር
ያልተነሳ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሐሙስ ማለት የግሸን ማግሥት ነው። ተሳላሚው በሙሉ በደሴ በኩል ነው የሚመለሰው፣ ረቡዕ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ አገኛለሁ ብለሽ እንዳትዘናጊ። ወይ ነገውኑ ውጪ፣ ወይ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ቦታ እንዳለ አሁን አስጠይቂ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርድሽ ሰው ካጣሽ እኔ ባጃጅ ሳይሆን መኪና ያለው ጎረቤት አለኝ።

የቧንቧ ውሃዋ (ማክሰኞ ጠዋት)
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሬጅስትራር በር ላይ ነኝ፣ ገና አልከፈቱም። ከአባቴ ጋር ሌሊት ተነጋግረናል፣ መመለሻውን እሱ ሊቆርጥ ነው። ጦሳ ሥር፣ የጎረቤትህን ስልክ በውስጥ ላክልኝ።

ሰኞ ገበያ
አሌክሳንድሪያ ስትደርሺ ሪኢንትሪ ፐርሚቱን እንዳትረሺ።

የመርሳው (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ይቺ ልጅ ምን ላይ ደረሰች? የሚያውቅ አለ?

ጦሳ ሥር
ረቡዕ ጠዋት ኮምቦልቻ አድርሰናታል። ደብዳቤውን ፕላስቲክ ውስጥ ከትታ ይዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጻፈችም።

የሰይድ ሚስት
እኔም በዚሁ ልጠይቅ። የኔ ካርድ የሁለት ዓመት ነው፣ በባሌ ነው ያገኘሁት። ኮምቦልቻ ለትምህርት ሰባት ወር ልቆይ ነው። የተባለው ሁሉ ለኔም ይሠራል?

ዳላስ ያለ የወሎ ልጅ
አይበቃም። አንቺ አይ-751 (የሁለት ዓመቱን ካርድ ወደ አሥር ዓመት ማስቀየሪያ ፎርም) አለብሽ፣ ከባልሽ ጋር ሆናችሁ ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የምታስገቡት። ካርዱ የሚያልቅበትን ቀን ጻፊልኝና እንየው።