ትእዛዙን እጠብቃለሁ፣ ደስታው ግን የለኝም

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እሠራለሁ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ አልቀርም። ግን ሁሉንም የማደርገው ቅጣት ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት አሞራ ገደል ወርደው ስልካቸውን ከኋላ ወንበር ላይ ረሱት። ያየሁት ታቦር ተራራ ሥር ስደርስ ነው። ተመልሼ ሰጠኋቸው። እንባ እየተናነቃቸው፣ እጄን ይዘው መረቁኝ። እኔ በልቤ ያልኩት «ተመስገን፣ ከኃጢአት ተረፍኩ» ብቻ ነበር። ለእሳቸው እንኳ ደስ አላለኝም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

የንስሐ አባቴ መዝሙር 118ን አንብብ አሉኝ። 22 ክፍል አለው፤ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ ስምንት ስምንት ቁጥር እያልኩ በ22 ቀን ጨረስኩት። ዳዊት ቃልህ ከማር ይልቅ ጣፈጠኝ ይላል፤ ለእኔ ግን አሁንም ግዴታ ነው። ኤፌሶን 2፥8 ላይ መዳናችን በጸጋው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከአፌ ወደ ልቤ ግን አልወረደም።

እንደ እኔ በፍርሃት ጀምራችሁ ዛሬ ትእዛዙን በደስታ የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች፣ በየዕለቱ ምን ስታደርጉ ነው ልባችሁ የተለወጠው?