የተተወ የድንጋይ ካባ ላይ ቁጥቋጦ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ነው የምማረው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የተተወ የድንጋይ ካባ ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ እያጠናሁ ነው። ቅዳሜ ሄጄ 10 ፕሎት (ለናሙና የሚከለል ቁራጭ መሬት) ለካሁ። ገደሉን ስለፈራሁ ሁሉም መኪና መንገዱ ዳር ናቸው። አንዱ ላይ እኔ ክትክታ 31 ብዬ ስጽፍ ጓደኛዬ 9 ብላ ጻፈች። አማካሪዬ ወረቀቱን አየና «ያጠናሽው መንገዱን ነው» ብሎ መለሰልኝ። ፕሎቶቹን የት ላድርግ? ከሁለታችንስ ማን ነው ልክ?

ባለ ሜትሩ፦ ጓደኛሽ ትመስለኛለች። ክትክታ በተለይ ከተቆረጠ በኋላ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል። አንቺ ግንዱን ነው የቆጠርሽው። ጎንበስ በይና አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር አድርጊው። ከታች ከተገናኙ አንድ ተክል ናቸው።

ቁጥር ሲያጨቃጭቅሽ ሽፋን ለኪ፣ ማለትም ቁጥቋጦው ከመሬቱ ምን ያህሉን እንደሸፈነ። ባለ 50 ሜትር መለኪያ መሬት ላይ ወጥረሽ ዘርጊ። የእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ መለኪያው ላይ ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ ጻፊ። ቀጋው ከ4.20 እስከ 5.70 ከሆነ 1.5 ሜትር ያዘ ማለት ነው። ድምሩ 12.5 ሜትር ቢመጣ ሽፋኑ 25 በመቶ ነው። ንፋስ ሲበረታ ግን ተይው። መለኪያው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዝብሻል፤ እኔ ግማሽ ቀን ከስሬበታለሁ።

እማማ ጦስኝ፦ «የት» ለሚለው እኔ ልመልስልሽ ልጄ። ካባ አንድ ዓይነት መሬት አይደለም። ወለሉ አለት ነው። የተደፋው አፈር ቁልል ልል ነው፣ ዝናብ ይሸረሽረዋል። ጠርዙ ደግሞ ዘር ከጎረቤት የሚደርሰው ቦታ ነው። ለየብቻ ከፋፍይውና በየክፍሉ ፕሎቱን በዕጣ አውጪ። ለቁጥቋጦ 5 በ5 ሜትር፣ ውስጡ ለሣሩ 1 በ1 ይበቃል። ገደሉን እንደማትለኪ ከመውጣትሽ በፊት ወስነሽ ጽሑፍሽ ላይ አስፍሪ። ከገደሉ ሥርም አትቁሚ፣ ድንጋይ ይንከባለላል።

ያልተቆፈረ ጎረቤት መሬትም ለኪ። ያለሱ «አገግሟል» ብትዪ «ከምን አንጻር?» ይሉሻል። ከፍታው፣ ተዳፋቱ፣ ከብት የሚገባበትም መጠን ተቀራራቢ ይሁን። ብቻ የባሕር ዛፍ ተክል እንዳትመርጪ! በእኛ ዙሪያ ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የተተከለ እንጂ የድሮው ቁጥቋጦ አይደለም።

ወለል ሰሪ፦ እማማ፣ አለቱ ላይ 5 በ5 ባዶ ነው የሚወጣው። ትንሽ ፈቀቅ ብታደርገውስ?

እማማ ጦስኝ፦ በፍጹም! ዜሮውን ትጻፍ። ተክል ወዳለበት ፈቀቅ ካደረገችውማ ካባው በወረቀት ላይ ለመለመ።

ደረቅ ቅጠል፦ ስሙን ላላወቅሽው ተክል ብዙ አትጨነቂ። ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ቤት) እኮ እዚያው ግቢሽ ውስጥ ነው። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ይዘሽ ሂጂ፤ በቅጠል ብቻ ብዙው አይለይም። ጋዜጣ መሃል አድርገሽ በካርቶን ተጫኚው፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአካባቢውን ሰው አጠራር እዚያው ጻፊ። የመጀመሪያ ናሙናዬን በፌስታል አሥሬ አድሬ ጠዋት ስፈታው ሻጋታ ሆኖ ጠበቀኝ። ጊዜው ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢሆን አሪፍ ነው፣ አብዛኛው ያኔ ያብባል።

የአራት ኪሎዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ተመልሼ የክትክታውን ሥር አንድ በአንድ ጫርኩት። 8 ነው። ጓደኛዬም አንድ አብዝታለች፤ ገና አልነገርኳትም።