ከሀዋሳ ዛንዚባር፦ የዳይቪንግ ዕቃዬ 33 ኪሎ መጣ፣ የቱን ልተው?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ጠላቂዎች፣ ካላችሁ ማለቴ ነው። እኔ ሀዋሳ ነኝ። አምና ዛንዚባር ሄጄ የመጀመሪያውን ኮርስ ወሰድኩና ልክፍት ሆነብኝ። ዘንድሮ ደግሞ ወንድሜ ከውጭ ለፋሲካ ሲመጣ የድሮ ዕቃውን ሙሉውን ይዞልኝ መጣ። ደስታዬ ሻንጣውን እስካነሳው ድረስ ብቻ ነበር። ቤት ሚዛን ስለሌለን ሰፈር ያለው እህል ቤት ወስጄ በጤፍ ሚዛን አንድ በአንድ አስመዘንኩት፣ ባለሱቁ ታንኩን ሲያይ "ጋዝ እዚህ አይገባም!" ብሎ ሊያባርረኝ ነበር።

የመጣው ይሄ ነው። ታንኩ (የአየር ጋኑ) ባዶውን 14፣ ቢሲዲው (በአየር የሚነፋው ጃኬት) 4፣ ሬጉሌተሩ (መተንፈሻው) ከነጌጁ 3፣ ፊኖቹ (እግር ላይ የሚደረጉት መቅዘፊያዎች) 3 (ከባዶቹ የጎማ ናቸው)፣ ባለ 5 ሚሊ ዌትሱት (ሙቀት የሚይዘው የጠላቂ ልብስ) 2 ተኩል፣ ቡትስ 1፣ ማስክና ቱቦ ግማሽ፣ መብራቱ ከነባትሪው 1። ሻንጣው ራሱ 4 ኪሎ። ድምሩ 33!

ትኬቱን ከሀዋሳ አዲስ አበባ ለብቻ፣ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር ለብቻ ነው የቆረጥኩት። የውጭው 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይላል፣ የእጅ ደግሞ 7 ኪሎ። የአገር ውስጡ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ታንክ ያስገባሉ ወይ? የቱን ልተው? ትርፍ ኪሎ ላይ ገንዘቤን መጨረስ አልፈልግም፣ ስመለስ ደግሞ ለእናቴ ቅርንፉድ ካላመጣሁ ቤት አልገባም።

ጨው ውሃ፦
ታንኩን ተወው ወንድሜ፣ ይሄ ክርክር የለውም። በሕጉ አይከለከልም፣ ግን አየር መንገዶች ብዙውን ጊዜ ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ በዓይን እንዲታይ ነው የሚፈልጉት፣ ምክንያቱም ቫልቩ ከተዘጋ ሙሉ ይሁን ባዶ ፈታሹ በምን ያውቃል? ቫልቩን ስትፈታ ደግሞ አቧራና እርጥበት ይገባል። እዚያ ስትደርስ የዳይቭ ማዕከሉ የምርመራ ማህተሙ ጊዜው ካለፈ አልሞላም ይልሃል፣ እውነቱንም ነው፣ 200 ባር የሚታመቅበት ነገር ነው። ታንክና የወገብ እርሳስ (እንዳንንሳፈፍ የምንታጠቀው ብረት) አብዛኛው ቦታ ከጥልቀቱ፣ ማለትም አንዴ ጠልቆ ከመውጣቱ፣ ዋጋ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። እርሳስ በሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ አንተም የመጀመሪያው አትሁን።

ቀጥሎ ሻንጣው። 4 ኪሎ ሻንጣ ማለት አንድ ቢሲዲ ማለት ነው። ገበያ ላይ ያለውን ትልቅ የሸራ ቦርሳ ግዛ፣ ኪሎ አይሞላም። ጎማ የለውም፣ ትሸከመዋለህ፣ ምን ችግር አለው። ፊኖቹን ግራና ቀኝ ግድግዳ አድርገህ ሌላውን መሃል ክተት። መጠኑም ይቆጠራል፣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲሜትር ነው የተለመደው፣ አንዳንድ ረጅም ፊን ብቻውን ይሄንን ያበላሻል።

ዌትሱቱንም ተወው። ዛንዚባር ውሃው ከ25 ዲግሪ በታች ብዙም አይወርድም፣ 5 ሚሊ ለብሰህ ጀልባ ላይ ልትቀቀል ነው። 3 ሚሊ ተከራይ።

የሸራ ድንኳን፦
እኔ የማይገባኝ፣ ለምን ሁሉንም አይከራይም? ሁለት ሳምንት ላልሞላ ጉዞ ይሄ ሁሉ ሸክም! እኔ ማስክ ብቻ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምሄደው። በተረፈ ታንኩን ለሰፈራችሁ ቤተክርስቲያን ስጥ፣ ጥሩ ደወል ይወጣዋል 😂

ጨው ውሃ፦
ደወሉስ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሁሉንም መከራየት ግን አልስማማም። ማስክ ፊትህ ላይ ካልገጠመ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትጠርግ ትውላለህ። የዳይቭ ኮምፒውተር (እጅ ላይ የሚታሰረው የጥልቀትና የጊዜ መለኪያ) ያለፈውን ጥልቀትህን ያስታውሳል፣ የተከራየኸው ግን ትናንት የሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር። ሬጉሌተር ደግሞ በአፍህ የምትይዘው፣ የምትተነፍስበት ነገር ነው፣ ሰርቪሱ መቼ እንደተደረገ የማላውቀውን እኔ አልጎርስም። ቢሲዲና ፊን ላይ ግን ልክ ነህ፣ መከራየት ይቻላል።

አንድ ነገር ልንገርህ የሐይቁ ልጅ፣ ሬጉሌተሩን ካርጎ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት። እኔ አንድ ጊዜ ከተትኩት። ሻንጣዬ ከእኔ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፣ የከፈልኩባቸው አራት ጥልቀቶች በሰው ሬጉሌተር ሆኑ፣ ያውም አንዱ አየር ያፈስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሬጉሌተር፣ ማስክ፣ ኮምፒውተርና ባትሪ ከእጄ አይወጡም። አራቱ ተደምረው 4 ኪሎ አካባቢ ናቸው፣ ከ7ቱ ውስጥ ሦስቱ ይተርፉሃል። ፍተሻ ላይ ያስወጡሃል፣ በኤክስሬይ ሲታይ ቱቦና ብረት ስለሆነ ያስጠረጥራል። ከላይ አድርገው፣ "ባሕር ውስጥ መተንፈሻ ነው" በላቸው፣ ማስኩን አብረህ ካሳየሃቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ቢላ ካለህ ግን ካርጎ ነው፣ በእጅ እንዳትሞክረው።

የሐይቁ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ባትሪውን በእጅ ነው ያልሽው? መብራቱን እንዳለ ካርጎ ልከተው ነበር።

ጨው ውሃ፦
ኧረ በፍጹም! ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ካርጎ አይገባም፣ ፓወር ባንክም እንደዚያው። ከመብራቱ አውጣው፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር ሸፍን ወይም በራሱ ማቀፊያ ክተተው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለውን ማንም አይናገርህም፣ ከ100 እስከ 160 ያለውን ግን አየር መንገዱን ማስፈቀድ አለብህ። ባትሪው ላይ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዛው። የተለመደችው ባለ 3.7 ቮልት፣ 3.4 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ13 ዋት ሰዓት አትበልጥም፣ አትስጋ። ባትሪውን ማውጣት ሌላም ጥቅም አለው፣ የዳይቭ መብራት ሻንጣ ውስጥ በድንገት ቢበራ ጨርቅ የማቃጠል አቅም አለው፣ ውሃ እንዲያቀዘቅዘው ተብሎ ነው የተሠራው።

ከሀዋሳ የምትነሳበት አውሮፕላን ደግሞ ምናልባት ባለ ፕሮፔለሩ ትንሹ ነው። የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ስለሆነ የእጅ ሻንጣህን በሩ ላይ ተቀብለው ታች ሊጭኑት ይችላሉ። ያኔ ባትሪዎቹን ቶሎ አውጥተህ ኪስህ ክተት። ለዚህ ነው እኔ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ለብቻ የማደርጋቸው።

ባቡር ጣቢያ አዳማ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ግን ስለ መሄዱ ብቻ ነው ያወራችሁት፣ የኪሎው ጣጣ ያለው መመለሱ ላይ ነው። ቢሲዲ ውስጡ ውሃ ያቁራል፣ ቡትስና ጨርቅ ይጠጣል፣ ስትሄድ 20 የነበረው ስትመለስ 22 እና 23 ይሆንና ቅርንፉዱን አየር ማረፊያ መሬት ላይ ዘርግተህ ለሰው ታድላለህ። ቢሲዲውን ገልብጠህ በማፍሰሻው አስወጣው፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ ነፍተህ ጥላ ላይ ስቀለው። ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ጎማውን ትጨርሰዋለች።

"ለማድረቅ ጊዜ የለኝም" እንዳትል፣ ጊዜው በግድ ይኖርሃል። ከጥልቀት ወጥቶ ወዲያው መብረር የለም። አንድ ጥልቀት ብቻ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው፣ ብዙ ማዕከላት ደግሞ 24 ብለው ይዘጉታል። እኔም 24 ነው የምልህ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ነገር ለየት ይላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንደመቆም ነው። ሌላው ሰው አርፎ ወደ ባሕር ጠለል ይወርዳል። አንተ ግን የምታርፈው ቦሌ ነው፣ እሱ ራሱ 2,300 ሜትር ያልፋል! ከአውሮፕላኑ ወጥተህም ያው ከፍታ ላይ ነህ። ከዚያ ሀዋሳ ብትገባም 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ስትጠልቅ በግፊት ደም ውስጥ ገብቶ የቀረው ናይትሮጅን ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ይሠራል፣ በረራው አለቀ ብሎ እኮ አይተውህም። መገጣጠሚያ ቢያምህ፣ ቢደነዝዝህ፣ ያለ ምክንያት ቢደክምህ "የመንገድ ድካም ነው" ብለህ እንዳትተኛ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ መጥለቅህን ንገራቸው፣ ኦክስጅን ይስጡህ።

ይሄን የማውቀው ልሞኝ ስለነበር ነው። ጅቡቲ ጠልቄ በማግስቱ ማለዳ በባቡር ልመለስ ነበር፣ "ባቡር ምን አለው፣ አይበር" ብዬ። የማዕከሉ አስተማሪ የት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ አዳማ አልኩት፣ ከፍታው ስንት ነው አለኝ፣ 1,600 ምናምን ስለው ሳቀብኝ። ከጠለቅክ በኋላ ወዲያው ከፍታ አትውጣ የሚለው ማሳሰቢያ ከ600 ሜትር ጀምሮ ነው የሚሠራው፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ ሳይደርስ ያንን ያልፋል። አንድ ቀን አድሬ ተመለስኩ።

በነገራችን ላይ በሚቀጥለው ጅቡቲን አስብ አቦ። ከኅዳር እስከ ጥር ዓሣ ነባሪ ሻርክ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፣ እሱን ለማየት ደግሞ በማስክ፣ በቱቦና በፊን መዋኘት ይበቃል፣ ታንክ የለ፣ ምን የለ።

የሸራ ድንኳን፦
እኔስ እዚያው ሀዋሳ ሐይቅ ግባ ልለው ነበር፣ ኪሎም ትኬትም የለም።

የሐይቁ ልጅ፦
አንተ ቀድመህ ግባና ጉማሬዎቹን ሰላም በልልኝ 😂 ውሃው እኮ እጅህን አያሳይህም፣ ቢልሃርዚያው ሳይቆጠር።

ባቡር ጣቢያ፣ የቦሌው ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። የመጨረሻውን ቀን ባዶ አደርገዋለሁ፣ ዕቃውም ይደርቃል፣ ቅመም ገበያውንም እዞራለሁ።

ጨው ውሃ፦
አንድ የረሳሁት፣ ሁለቱን ትኬቶች በአንድ ቦታ ማስያዝ ከቻልክ አስለውጣቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ የውጭው ኪሎ ከሀዋሳ ጀምሮ ይሠራል። ለየብቻ ከሆኑ ግን የአገር ውስጡ በራሱ ልክ ነው የሚመዘነው፣ ቦሌም ሻንጣህን ተቀብለህ እንደገና ታስገባለህ። መለወጫው ከትርፍ ኪሎው ከበለጠ ግን ተወው፣ ሂሳቡን ሥራ።

የሐይቁ ልጅ፦
ጠየቅኩ፣ መለወጫው ይበልጣል። ስለዚህ ቀነስኩ። ታንኩ ቀረ፣ ዌትሱቱ ቀረ፣ ሻንጣው በሸራ ቦርሳ ተተካ። ዛሬ እህል ቤቱ ሄጄ እንደገና አስመዘንኩ፣ የካርጎው ከነልብሴ 14፣ የእጁ 5። ባለሱቁ አሁን ለምዶኛል፣ "ጋዙስ?" አለኝ። ጋዙን እናቴ የጓሮ በር እንዳይዘጋ መደገፊያ አድርጋዋለች፣ ለደወል አልሰጥም ብላለች።